ለቀብሬ የተመደበችው ስድስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ

ታኅሣሥ ፲፭ ቀን
ለተከበሩ አቶ ተስፋሚካኤል፣ የላይ አምባ መረዳጃ ዕድር ሊቀ መንበር
አንኮበር

ጉዳዩ፦ በዕድራችን ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን የአውሮፕላን ሠንጠረዥ ይመለከታል

ክቡር ሊቀ መንበር፣

ከራስዎ ጀምሮ እስከ ቤትዎ ታናሽ፣ ከበረትዎ እስከ ንብ ቀፎዎ ሁሉም በጤና ውሎ በጤና እንዲያድርልዎ እመኛለሁ። ስለ እኔ ጤንነት እንዳይቸገሩ አስቀድሜ ልንገርዎ፤ አለሁ። ከመስከረም ወዲህ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አስቁመው «ጋሼ ወርቅአገኘሁ፣ ልብዎ እንዴት ሆነልዎ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። በሊቀ መንበርነት ሰባት ዓመት ሲቀመጡ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር። የደብረ ብርሃኑ ሐኪም ልቤ መድከሙን በነገረኝ ሳምንት ግን ጀመሩ። ሰው ሲጠይቅ የተጠያቂውን ፊት ያያል፤ የእርስዎ ዓይን ግን በእኔ ትከሻ ላይ አልፎ ወደ ዕድሩ ሰሌዳ ይሄዳል። ይህን ልብ ብዬዋለሁ። ሽማግሌ ብሆንም የማየው ነገር አላነሰኝም።

በሰሌዳው ላይ ያለውን ነገር ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ክቡር ሊቀ መንበራችን በጥቅምቱ ጠቅላላ ጉባኤ ከኢንተርኔት ያወጡትን አንድ ወፍራም ወረቀት ይዘው መጡ። በራስጌው «በሁለት ከተሞች አየር ማረፊያዎች መካከል ያለ ርቀትና የበረራ ጊዜ» ይላል። ከዚያም በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ አንቀጽ አሥራ አራት የሚባል አዲስ ነገር ጨመሩ። አንቀጹ እንዲህ ነው፦ የሟች ቤተሰብ ከሩቅ አገር የሚመጣ እንደሆነ፣ ጥሩምባ ከተነፋበት ሰዓት ጀምሮ በሠንጠረዡ የተመለከተው የበረራ ጊዜና ለመኪና መንገድ አምስት ሰዓት ተደምሮ ይጠበቃል፤ ከዚያ በኋላ አስከሬኑ ይሸኛል።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ቀድሞ ጥሩምባ ነፊያችን ፍሥሐ ከላይ ከመንገዱ መታጠፊያ፣ ከጥዱ ሥር ይቆም ነበር። የሚጠበቀው ሰው መኪና ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲል ይነፋል፤ ካህናቱም ያን ጊዜ ይነሣሉ። አያቶቻችን ሰዓት አልነበራቸውም፤ ሆኖም እናቱን ሳይሸኝ የቀረ ልጅ ብዙ አልሰማንም።

በጉባኤው ላይ የተቃወምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። እርስዎም በፈገግታ «ጋሼ፣ የበቅሎ ዘመን አለፈ እኮ፤ አሁን ዘመኑ የአውሮፕላን ነው» አሉኝ። ሰውም ሳቀ። ቃለ ጉባኤውን በኋላ ጠይቄ ሳነበው «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ይላል። እጄን አንሥቼ ነበር። ምናልባት ብብቴን የማክ መስሎዎት ይሆናል።

እንግዲህ ጊዜዎ ውድ መሆኑን ስለማውቅ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ሠንጠረዡ እውነተኛነት። እኔ የተማሪ ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደልን የቆጠርኩት የስኳር መጠቅለያ ከነበረ ጋዜጣ ላይ ነው። ሆኖም የተጻፈን ነገር ሳልመረምር አላምንም። የተማሪ ካርታ ከደብረ ብርሃን አስመጣሁና ከአዲስ አበባ እስከ አሶሳ በክር ለካሁት፤ ክሩን በካርታው መለኪያ ላይ ዘርግቼ ቆጠርኩ። ሦስት ጊዜ ለካሁ። ሠንጠረዡ አራት መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር ይላል፤ የእኔም ክር ከዚያ ብዙ አልራቀም። የበረራው ጊዜ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው ይላል፤ ይህንንም የተሳፈረ ሰው ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ስለዚህ ወረቀቱን በሐሰት አልከስሰውም። ወረቀቱ የተናገረው ከአየር ማረፊያ እስከ አየር ማረፊያ ስላለው ነገር ብቻ ነው፤ ያንንም በትክክል ተናግሯል። እኔ የምጠይቀው፣ ከዕድራችን አባላት መካከል በአየር ማረፊያ የሚያድር ማን እንደ ሆነ ነው። ደግሞስ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አንብቤ የአንኮበርን ስም አጣሁት። ደብረ ብርሃንም የለችበትም። የማያውቀን ወረቀት ሊቀብረን ተቀጥሯል ማለት ነው። የለንደንና የዱባይ ርቀት ግን አለበት። ከአባላቱ ማን እዚያ ዘመድ እንዳለው ባሰላስልም አላገኘሁም፤ ምናልባት የሚያውቁት ነገር ይኖራል።

፪ኛ. ሠንጠረዡ መስመሩን ሲለካ አቅንቶ ነው። ገደላችን ላይ የሚያንዣብበውን ጥንብ አንሣ ልብ ብለው አይተው ከሆነ፣ እርሱ እንኳ ክንፍ እያለው ዞሮ ዞሮ ነው የሚያርፈው።

፫ኛ. ስለ ወይዘሮ ማርያማዊት። ይህን ስጽፍ ብዕሬ ይከብደኛል፤ ቢሆንም መጻፍ አለበት። ወይዘሮ ማርያማዊት ባልቴት ነበሩ፤ አንድ ልጃቸው ዘሥላሴ በአርባ ምንጭ በሙዝ እርሻ ይሠራል። ኅዳር አምስት ቀን ሐሙስ ንጋት ላይ ዐረፉ። ጥሩምባው በአንድ ሰዓት ተነፋ። እርስዎም ጣትዎን በሠንጠረዡ ላይ አስኪደው «አርባ ምንጭ፣ ሃምሳ አምስት ደቂቃ» ብለው አወጁ፤ አምስት ሰዓት ደመሩ፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ አፈር ለበሱ። ስለ ትክክለኛነትዎ አደንቅዎታለሁ፤ የዕድራችን አዳራሽ ሰዓት አሥራ ሁለት ደቂቃ እንደሚቀድም ባላውቅ ኖሮ ይበልጥ አደንቅዎት ነበር።

በዚያ ሰዓት ዘሥላሴ ምን ያደርግ እንደ ነበር ያውቃሉ? ሙዝ ይጭን ነበር። እናቱ መሞታቸውን አልሰማም። ለምን አልሰማም ቢሉ፣ የዕድራችን አንቀጽ ዘጠኝ መርዶ በስልክ እንዳይነገር ይከለክላልና ነው። መርዶ የሚነገረው ባለበት አገር ሽማግሌዎች ተፈልገው፣ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ቤቱ ድረስ ሄደው፣ ደግፈው ይዘውት ነው። ሽማግሌዎቹ ዐርብ ንጋት ላይ በሩን ሲያንኳኩ እናቱ ከተቀበሩ አሥራ ሰባት ሰዓት ሆኗቸው ነበር። አንቀጽ አሥራ አራት ጊዜውን ለቆጠረበት ልጅ፣ በአንቀጽ ዘጠኝ መሠረት እናቱ ገና በሕይወት ነበሩ።

ሁለቱን አንቀጾች አንድ ላይ ያነበበ ሰው በዕድሩ ውስጥ አልነበረም ብዬ ለማመን ሞክሬያለሁ። አልቻልኩም። እርስዎ አርባ ዓመት በመንግሥት ቢሮ ወረቀት ሲያገላብጡ የኖሩ ሰው ነዎት።

ዘሥላሴ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ። በቀጥታ ወደ ድንኳኑ ነበር የሄደው፤ ድንኳን ግን አልነበረም። ሠልስቱ ጠዋት እንዳለቀ ተነሥቷል። ካስማው የተተከለበት ጉድጓድ ብቻ ነበር። ልጁም እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ፍሥሐን «ጋሼ ፍሥሐ፣ ጥዱ ሥር አልቆሙም ነበር?» አለው። ፍሥሐም «ልጄ፣ እኔ የማውቀው መንገዱን ማየት ነው። ወረቀቱን እይ አሉኝ፤ እኔ ደግሞ ማንበብ አልችልም» ብሎ መለሰለት። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም፤ ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ሰዓቱን ጻፍኩ።

፬ኛ. ስለ ድንኳኑ። ድንኳናችን በማግስቱ እሑድ በሸኖ መንገድ ላይ በአንድ ሠርግ መታየቱን ሰምቼ አላመንኩም፤ ሄጄ አየሁት። ከጀርባው ባለቤቴ ባፈና፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሰማያዊ ክር የጣፈችው ቦታ አለና አልሳሳትም። የሠርጉ ባለቤት አማችዎ መሆናቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። እኔ ምንም አልልም፤ የእኛን ሴቶች አፍ ግን ማን ይዘጋል? «ወይ አውሮፕላን! ልጁን ሳያመጣ ድንኳናችንን ይዞ በረረ» ይላሉ። ሬሳ ሰው የሚጠብቅ ከሆነ ድንኳንም አብሮ ይጠብቃል፤ ሬሳ ከፈጠነ ግን ድንኳን ነጻ ይወጣል። ይህን ያስተዋልኩት ሒሳብ አውቄ አይደለም። ደግሞም የመጪው ጥር ሃያ አምስት የእርስዎ ልጅ ሠርግ እንደ ሆነ ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ያብቃዎት። ልቤ በዚያ ሳምንት እንዳታሳፍረኝ የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ። ስለ ሙሽሪት ስል እንጂ ስለ እርስዎ አይደለም።

፭ኛ. ስለ ራሴ። ወደ ጉዳዩ ደረስን።

አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ሥርጉት ትባላለች። ከአሶሳ ራቅ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። እኔ ከሞትኩ የሚጠበቅልኝ ሰው እርሷ ብቻ ናት። በሠንጠረዡ መሠረት የተመደበልኝ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው፤ በአምስቱ ሰዓት ላይ ሲደመር ስድስት ሰዓት ከአሥር። ጥሩምባዬ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ቢነፋ፣ በቀትር ስድስት ሰዓት ከአሥር ላይ አፈር እለብሳለሁ። ከአዳራሹ ሰዓት የተነሣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቢቀነስብኝም አልከራከርም።

ሥርጉት ከዚያ አገር እስከዚህ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባት ግን የማውቀው በግምት አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት እናቷ ባፈና ስታርፍ ሰዓቱን አንድ በአንድ ጽፌዋለሁ፤ እነሆ ከደብተሬ ገልብጬ አቀርባለሁ። ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሰማች። ከጤና ጣቢያው እስከ አሶሳ በጭነት መኪና ሦስት ሰዓት። አየር ማረፊያው ስትደርስ የዕለቱ አውሮፕላን ሄዷል። እዚያው ወንበር ላይ ነጋባት። ረቡዕ በረረች፤ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ፣ ሠንጠረዡ እንዳለው። ከቦሌ መኪና ተፈልጎ እስኪገኝ፣ ሸኖ ላይ ጎማ ፈንድቶ እስኪቀየር፣ ከደብረ ብርሃን ወዲህ በጉም ውስጥ እየተዳሰሰ እስኪመጣ፣ ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆነ። ሠላሳ ሰዓት ነው። እርስዎ ስድስት ሰዓት ከአሥሩን ይሰጡኛል። ሃያ ሦስት ሰዓት ከሃምሳው የት እንደ ገባ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። ይህም መንገዱ ክፍት በነበረበት ዘመን ነው፤ መንገድ የሚዘጋበትን ቀን ሠንጠረዡ አይናገርም።

ያን ቀን ፍሥሐ ዝናብ እየወረደበት ከጥዱ ሥር ሳይነቃነቅ ዋለ። ሲነፋ ሁላችንም ሰማን። ልጄ መጥታ የእናቷን ሣጥን ጫፍ ይዛ ከእኔ ጎን ሄደች። ዛሬ ቀና ብላ የምትሠራው በዚያች መንገድ ኃይል ነው። ይህን የምለው ለርኅራኄ አይደለም፤ ለማስረጃ ነው።

«እንግዲያው አንቀጽ ዘጠኝን እንሰርዝና በስልክ እንንገራት» እንደሚሉ ዐውቃለሁ፤ ከአሁኑ ድካምዎን ልቀንስልዎ። አንቀጽ ዘጠኝን ያጻፍኩት እኔ ነኝ። የባፈናን ሞት አንድ ደግ ነኝ ባይ ዘመድ ለሥርጉት በስልክ ነገራት። በዚያ ሰዓት ሴት ታዋልድ ነበር። የተወለደውን ሕፃን ጠርጋ ለእናቱ አስታቀፈችው፤ ከዚያ በሲሚንቶው ላይ ወደቀች። ግንባሯ ላይ እስከ ዛሬ ምልክት አለ። ስለዚህ አንቀጽ ዘጠኝ አይነካም። እኔ በሕይወት እያለሁም ሆነ ከሞትኩ በኋላ አይነካም። ደግሞም በስልክ ተነግሯትም ሠላሳ ሰዓት እንደ ፈጀባት ከላይ ያለውን ደግመው ያንብቡ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሠንጠረዡ ይውረድ። ፍሥሐ ወደ ጥዱ ይመለስ። ወረቀት የግድ ካስፈለገም፣ ጊዜው መቆጠር የሚጀምረው ሟቹ ከሞተበት ሳይሆን የሚጠበቀው ሰው መርዶውን ከሰማበት ሰዓት ይሁን። አስከሬኑ እስከዚያ እንዴት ይቆያል ለሚሉኝም መልስ አለኝ፤ የታኅሣሥና የጥር የአንኮበር ብርድ በሕይወት ያለነውን እንኳ እያደረቀን ነው፣ እኔን ሁለት ሌሊት ማቆየት አያቅተውም።

እርስዎ ግን ማስረጃ የሚወዱ ሰው ስለሆኑ አንድ ፈተና አቀርባለሁ። ሥርጉት ለገና ትመጣለች። ዐርብ ታኅሣሥ ሃያ አምስት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከጤና ጣቢያዋ ትነሣለች። የምትመጣው ደኅና ሆና ነው፤ ኀዘን የለባት፣ ሽማግሌ አላንኳኳባት፣ ትኬቷን ቀድማ ቆርጣለች። ከዚህ የተሻለ መንገደኛ አያገኙም። ሰዓትዎን ይዘው ከጥዱ ሥር ይቁሙ፤ ፍሥሐ ቦታውን ያሳይዎታል፤ ጋቢ መደረብ አይርሱ። በስድስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ውስጥ ከመታጠፊያው ብቅ ካለች፣ በጉባኤ ፊት ይቅርታ ጠይቄ፣ ሠንጠረዡን በገዛ እጄ ፍሬም አስገብቼ አሰቅላለሁ፤ ካሻዎትም ጉድጓዴን ዛሬውኑ ያስምሱ፣ አልቃወምም። ካልመጣች ግን እስክትመጣ ድረስ እዚያው ይቆዩልኝ። አንድ ጊዜ ሰው መጠበቅ ምን እንደ ሆነ ቢያውቁት፣ የቀረውን ሁሉ ያለ እኔ ደብዳቤ ይረዱታል።

ለሰባት ዓመት አገልግሎትዎ፣ ለማይሳሳተው ጣትዎ፣ በተለይም ለልቤ ላሳዩት ያልተቋረጠ ጉጉት ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት ገልጬ፣ ዕድሜዎ እንደ ጥዱ እንዲረዝም፣ የእርስዎም የሚጠበቅ ሰው በሠንጠረዡ ላይ ስሙ ከሌለበት አገር እንዳይሆን እየተመኘሁ፣ በደንቡ ጸንቼ፣ ገና ሳልሞት እሰናበትዎታለሁ።

አባልዎ
ወርቅአገኘሁ

ግልባጭ፦
ለጥሩምባ ነፊው ለፍሥሐ፣ የሚያነብለት ሰው ተፈልጎ
ለዘሥላሴ፣ አርባ ምንጭ
ለድንኳኑ፣ ያለበት ከታወቀ

ማሳሰቢያ፦ ሥርጉት የልቤን ነገር አታውቅም። የጠራኋት የቤቱ ጣሪያ ያፈሳል ብዬ ነው። አገር ሰላም ብላ ስትመጣ መርዶዋን በቁሜ ከሰሌዳ ላይ እንድታነበው አልፈልግም፤ ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከመድረሷ በፊት መነሣት አለበት። እኔ ራሴ አላነሣውም፤ አንቀጽ ሦስት ከሊቀ መንበሩ በቀር ማንም ከሰሌዳው ወረቀት እንዳያነሣ ይከለክላልና፣ ደንብ አላፈርስም። እርስዎ ሲያነሡት ግን በጥንቃቄ ይሁን። ሰሌዳው ላይ ሌላ ባዶ ቦታ ስላጣሁ፣ አራቱንም ገጽ በሠንጠረዡ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በዱቄት ሙጫ ነው የለጠፍኩት። ደርቋል፤ ሞክሬዋለሁ። አንዱን ሳይቀድዱ ሌላውን ማንሣት አይቻልም።